ቀዳሚው ሥራ የዘገየባቸውን ታስኮች ነጥሎ የሚያወጣ ፊልተር

ጥያቄ፦ በማይክሮሶፍት ፕሮጀክት የግንባታ መርሐ ግብር እከታተላለሁ። ቀዳሚ ሥራቸው ቀኑ አልፎ ያላለቀላቸውን ታስኮች ብቻ የሚያሳይ ፊልተር መሥራት አቃተኝ። በማክሮ ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ ያለ ማክሮ (ሥራውን በራሱ የሚሠራ አጭር ኮድ) ግን አይሆንም። ፊልተር የሚያነበው የራሱን የታስኩን መስመር ብቻ ነው። ለምሳሌ የልስኑን መስመር ሲፈትሽ የብሎኬት ግንባታው ስንት ፐርሰንት እንደደረሰ አያይም። ስለዚህ ፍለጋውን ማክሮው ይሥራና ውጤቱን ፍላግ («የስ» ወይም «ኖ» ብቻ የሚይዝ የታስኩ መስክ) ላይ ይጻፍ፤ ፊልተሩ ፍላጉን ብቻ ያንብብ።

ከ20ዎቹ ፍላጎች ማንም ያልተጠቀመበትን፣ ለምሳሌ ፍላግ20ን ይምረጡ። ፎርሙላ የገባበት ከሆነ ማክሮ ሊጽፍበት አይችልም። አልትና ኤፍ11 ተጭነው የኮድ መጻፊያውን ይክፈቱና ሞጁሉን (ኮዱ የሚጻፍበትን ገጽ) ግሎባሉ (ለሁሉም ፋይሎች የሚያገለግለው ቴምፕሌት) ውስጥ ያስገቡት፤ በሌሎች ፋይሎችም ይሠራልዎታል።

ሉፑ (ታስኮቹን በየተራ የሚያይ የማክሮው ክፍል) ለእያንዳንዱ ታስክ መጀመሪያ ፍላጉን «ኖ» ያድርግ፤ አለበለዚያ የባለፈው ሳምንት ምልክት እዚያው ይቀራል። ታስኩ 100 ፐርሰንት ካልደረሰ ቀዳሚዎቹን አንድ በአንድ ይይ፤ ከ100 በታች ሆኖ ፊኒሹ (ማለቂያ ቀኑ) ከስታተስ ዴት (የሥራው ሂደት ከተለካበት ቀን) በፊት የነበረ ካገኘ ፍላጉን «የስ» አድርጎ ይለፍ። ስታተስ ዴት ካልተሞላ ቀን ሳይሆን «ኤንኤ» የሚል ጽሑፍ ስለሚመጣ ማወዳደሪያው ይበላሻል፤ ያኔ የዕለቱን ቀን ይተኩለት።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ባዶ መስመር ላይ ነው። መርሐ ግብሩን ለማስዋብ የተተወ አንድ ባዶ መስመር ማክሮውን በስህተት 91 ያቆመዋል፤ እዚያ ታስክ የለም፣ «ናቲንግ» ነው። «ናቲንግ ካልሆነ» የሚለውን ፍተሻና የፐርሰንቱን ፍተሻ በአንድ «ኢፍ» ውስጥ በ«አንድ» (And) ማያያዝም አያድንም፤ ቪቢኤ (የማክሮው ቋንቋ) የመጀመሪያው ሐሰት ቢሆንም ሁለተኛውን ያሰላዋል። ሁለት «ኢፍ» ያድርጉት፣ አንዱ በሌላው ውስጥ።

ቀዳሚውን ከተከታዩ የሚያገናኘው ማሰሪያ ሰመሪ ታስክ (ዝርዝር ሥራዎችን የሚጠቀልል መስመር) ላይ ከሆነ ደግሞ ከሥሩ ያሉት ታስኮች የቀዳሚ ዝርዝር ውስጥ አይታይም። ማክሮውን ከማወሳሰብ ማሰሪያውን ወደ ዝርዝር ሥራዎቹ ማውረድ ይሻላል፤ ለመርሐ ግብሩም የሚበጀው ይኸው ነው።

ፊልተሩ ራሱ አንድ መስመር ነው፦ ሞር ፊልተርስ፣ ኒው፣ ፍላግ20 ኢኮልስ የስ። ተያያዥ ሰመሪዎችን የሚያሳየውን ሳጥን ምልክት ያድርጉበት፤ ካልሆነ «ልስን» የሚለው የየትኛው ወለል እንደሆነ አይለይም። ፍላጉ ቀን ሲቀየር በራሱ ስለማይታደስ ፊልተሩን ከሜኑ አይክፈቱት፤ ፊልተር አፕላይ የሚለውን ትእዛዝ የማክሮው የመጨረሻ መስመር ያድርጉትና ሁልጊዜ ማክሮውን ያስነሡ።