«የት ሄጄ ላልቅስለት?»፦ ስለ አስከሬን ማቃጠልና ስለ አመዱ ለጠየቅሽው እህታችን

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ፤ የባለቤትሽንም ነፍስ ይማር። ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ባለቤትሽ ማክሰኞ ማረፉን፣ አስከሬኑ እንዲቃጠል መናዘዙን፣ ከመጀመሪያ ትዳሩ የወለዳቸው ሁለት ልጆቹ ነገ አርብ እንድትፈርሚ እየጠየቁሽ መሆኑን፣ አመዱንም ለሦስት ለመካፈል ማሰባቸውን ገልጸሻል። እርሱ ካቶሊክ ነበር፤ አንቺ ኦርቶዶክስ ነሽ። ድርሻሽን አዲስ አበባ ወስደሽ ከአባትሽ መቃብር አጠገብ ማሳረፍ ይቻል እንደሆነ፣ የሚያስረክቡሽም አመድ በእርግጥ የእርሱ መሆኑን በምን እንደምታውቂ ጠይቀሻል። «በእኛ ባህል እንዲህ ያለ ነገር የለም» ብቻ ብለው የመለሱልሽ ሰዎች አሳዝነውኛል። የተናዘዘው እርሱ ነው፤ አንቺ የተጨነቅሽው የሟችን አደራ ለመወጣት ነው።

እኔም እንደ አንቺ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። ከ11 ዓመት በፊት አሜሪካዊው ባለቤቴ ሲያርፍ ይህንኑ ወረቀት ፈርሜአለሁ። ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት በአንድ የቀብር አገልግሎት ቤት ሐዘንተኞችን በመቀበል ሥራ አሳልፌአለሁ። ብዙ ቤተሰብ አይቼ የተረዳሁት፣ ሰው ከእሳቱ በፊት ያለውን ስንብት አሳጥሮ፣ ከእሳቱ በኋላ ያለውንም ውሳኔ አጣድፎ ኋላ እንደሚጸጸት ነው። እኔም ሁለቱንም አድርጌአለሁ።

ስለዚህ በመጀመሪያ፣ ነገ መፈረም ግዴታሽ አይደለም። አስከሬን ለማቃጠል በመድኃኒት ማሰንበት አያስፈልግም፤ በቀዝቃዛ ክፍል ይቆያል። ለዚያ በቀን የሚከፈል ነገር ካለ ስንት እንደሆነ ጠይቂና ወስኚ። ደግሞም ብትፈርሚም በዚያው ቀን አይፈጸምም። በቨርጂኒያ ሕግ አስከሬን ከመቃጠሉ በፊት የመንግሥት አስከሬን መርማሪ ሐኪም ተጨማሪ ምርመራ እንደማያስፈልግ ማረጋገጥ አለበት። የተቀበረ አስፈላጊ ሆኖ ሲገኝ ይወጣል፤ የተቃጠለ ግን ዳግመኛ አይመረመርም። ከዚህ ሌላ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ወይም ወኪሉ አስከሬኑን በዓይኑ አይቶ «እርሱ ነው» ማለት አለበት። ይህን ለልጆቹ አትተዪው፤ አንቺው ሂጂ። ለጥያቄሽ ግማሹ መልስ እዚያ ነው።

እኔ ለዚያ የሄድሁ ቀን አሥር ደቂቃ ቆሜ፣ ራሴን ነቅንቄ ወጣሁ። ተጨማሪ ጊዜ መጠየቅ እንደምችል የነገረኝ አልነበረም፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አንቺ ለሁለት ሰዓት ክፍል እንዲሰጡሽ ጠይቂ። ወንድሞችሽን፣ ጓደኞችሽን፣ ማልቀስ የሚፈልገውን ሁሉ ይዘሽ ግቢ። በሥራዬ ላይ ሳለሁ አንዲት የአገራችን እናት የልጇን ደረት በንጹሕ የጥጥ ነጠላ አልብሳ፣ እጁን ይዛ፣ ስታወራው ቆየች። ነጠላው ከእርሱ ጋር ሄደ። ያን ቀን ከዚያ ቤት ስትወጣ ፊቷ ላይ ያየሁትን ዕረፍት አልረሳውም። ቀለበቱንና የአንገቱን መስቀል ማስቀረት ከፈለግሽ በዚያው ሰዓት አውጥተሽ ተቀበያቸው፤ በኋላ አይገኙም። ልብ ምቱን የሚያግዝ በባትሪ የሚሠራ መሣሪያ ደረቱ ውስጥ ካለ ሳትጠየቂ ተናገሪ፤ በእሳት ውስጥ ስለሚፈነዳ አስቀድሞ መውጣት አለበት።

ካቶሊክ ስለነበረ ቄሱን ሳታነጋግሪ ምንም አትወስኚ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አስከሬን ማቃጠልን ከ1963 ዓ.ም. (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ጀምሮ ትፈቅዳለች፤ የምትመርጠው ግን አስከሬኑ ባለበት የቀብር ቅዳሴው ተፈጽሞ ከዚያ በኋላ እንዲቃጠል ነው። ለዚህ ሣጥን መግዛት አይኖርብሽም፤ ብዙ ቦታ በኪራይ ይገኛል፤ ውስጡ የሚቀየር ነው። ይህ ከሆነ አንቺም ሬሳ ፊት ቆመሽ ታለቅሻለሽ፤ ለቅሶ ደራሹም ሸኝቶ ይመለሳል። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ማቃጠልን አትቀበልም፤ ፍትሐቱንና የአርባውን ነገር ለንስሐ አባትሽ ከመቃጠሉ በፊት ንገሪያቸው። ኋላ ከሰው አፍ ሰምተው ከሚያዝኑ ዛሬ ከአንቺ ይስሙ።

አሁን ወደ ፈራሽው ጥያቄ ልምጣ። አስከሬኑ በካርቶን ወይም በእንጨት ሣጥን ሆኖ ነው የሚገባው። ቁጥር የተቀረጸበት ትንሽ የብረት ምልክት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አብሮት ይሄዳል፤ እሳት አይበላውም። ምድጃው አንድ ሰው ብቻ ነው የሚይዘው፤ ሙቀቱ ከ760 እስከ 980 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ለአዋቂ ሰው ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ሥጋው በሙሉ ይሄድና አጥንቱ ይቀራል። ሲቀዘቅዝ የሣጥኑ ምስማርና በሰውነቱ የነበረ ብረት በማግኔትና በእጅ ተለቅሞ ይወጣል፤ አጥንቱም በመፍጫ ይደቅቃል። የሚደርስሽ ከሁለት እስከ ሦስት ኪሎ የሚመዝን፣ እንደ ሻካራ አሸዋ ያለ ግራጫ ነገር ነው። የብረት ምልክቱ ከረጢቱ ውስጥ ይኖራል፤ ቁጥሩን ከማቃጠል ምስክር ወረቀቱ ጋር አስተያዪው። አንዳንድ ቦታ ቤተሰብ ሣጥኑ ሲገባ ቆሞ እንዲያይ ይፈቅዳሉ። የበኩር ልጁ ወይም አንቺ ልባችሁ ከቻለ ይህን ጠይቁ፤ ጥርጣሬን የሚቆርጥ ከዚህ የበለጠ ነገር አላየሁም።

«አመድ» የሚለው ቃል ራሱ እንደሚከብድሽ አውቃለሁ። በእኛ ቋንቋ አመድ ከምድጃ ተጠርጎ የሚደፋ ነው፤ ልፋቱ ከንቱ የቀረበት ሰው «እጄ አመድ አፋሽ ሆነ» ይላል። እኔም ከረጢቱን ስረከብ ይህ ቃል በጆሮዬ ይጮኽ ነበር። የያዝሁት ግን ከምድጃ የተጠረገ አመድ አልነበረም፤ አጥንቱ ነበር። ዐፅም ብዬ መጥራት ከጀመርሁ ወዲህ እጄ መንቀጥቀጡን ተወ። አንቺም እንዲሁ ጥሪው።

ስለ ገንዘቡ ብዙ አልልም፤ ይህን ግን እወቂ። ከ1984 ጀምሮ በሚሠራው የፌዴራል ደንብ መሠረት የቀብር አገልግሎት ቤቶች ዋጋቸውን በዝርዝር በጽሑፍ የመስጠት፣ በስልክም ለጠየቀ የመናገር ግዴታ አለባቸው። ያለ ሥነ ሥርዓት በቀጥታ ለሚቃጠል አስከሬን ሕጉ የእንጨት ሣጥን ያስገድዳል ማለት ክልክል ነው። እኔን በጊዜው አንድ ቤት ይህንኑ ብሎኝ ገዝቻለሁ፤ ሐዘን ላይ ያለ ሰው አይከራከርም። ስለዚህ ዛሬ ማታ የማያለቅስ ዘመድ ሦስት ቦታ ደውሎ ይጠይቅልሽ፤ ለተመሳሳይ ሥራ በእጥፍ የሚለያይ ዋጋ ታገኚያለሽ። የአመዱን ዕቃ ከእነርሱ የመግዛት ግዴታም የለብሽም።

ልጆቹን በተመለከተ፦ በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች ሟች በሕይወት ሳለ የወከለው ሰው ከሌለ ቀዳሚው የትዳር ጓደኛ ነው፤ ባለቤትሽ በሕጋዊ ጽሑፍ የወከለው ሰው እንዳለ አስቀድመሽ አረጋግጪ። ይሁን እንጂ ከቤተሰቡ አንዱ ቢቃወም ድርጅቱ ሥራውን ሊያቆምና ነገሩ ፍርድ ቤት ሊደርስ ይችላል። አባታቸው ነውና አክብሪያቸው። ነገር ግን በምትፈርሚው ቅጽ ላይ አመዱን ማን እንደሚረከብ የሚሞላ ቦታ አለ፤ ያ ክፍት ሆኖ እንዳይቀር። ከረጢቱን ተረክበው ለሁለት ሲጣሉበት ያየኋቸው ቤተሰቦች ሁሉ ያንን መስመር ሳያዩ የፈረሙ ናቸው።

መካፈሉን ግን አሁን አትንኩት። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ2016 ባወጣችው መመሪያ አመዱ እንዳይበተን፣ ለቤተሰብ እንዳይከፋፈል፣ ለአንገት ጌጥም እንዳይሆን፣ በተቀደሰ ቦታ እንዲያርፍ ታዛለች። በ2023 መጨረሻ ላይ ደግሞ ለሟቹ ትርጉም በነበረው ቦታ ጥቂቱን ማስቀመጥ በቤተሰብ ጥያቄ ሊታይ እንደሚችል ገልጻለች። ልጆቹ ባያምኑበትም እርሱ ያምንበት ከነበረ ሊሰሙት ይገባል። ለጊዜው ሁሉም በአንድ ዕቃ ይቀመጥ፤ አርባው ይለፍ፤ ከተቻለ ሙት ዓመቱም ይለፍ። አይበላሽም፤ አያረጅም።

ይህን የምልሽ ራሴን አይቼ ነው። ባለቤቴ የባሕር ኃይል አባል ነበርና ባሕር ላይ እንዲበተን ተናዞ ነበር። ባሕር ኃይሉ ለቀድሞ አባላቱ ይህን ይፈጽማል፤ መርከቡ በግዳጅ ላይ ሳለ ስለሚደረግ ግን ቤተሰብ አይገኝም። እኔ መገኘት ፈለግሁና በሦስተኛው ሳምንት ጀልባ ተከራየን። ሕጉ ከባሕር ዳርቻ ቢያንስ ሦስት የባሕር ማይል ርቆ እንዲሆን፣ በ30 ቀን ውስጥም ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ እንዲገለጽ ያዛል። ነፋሱን ያላወቅሁት እኔ ግማሹ ወደ ልብሴ ተመልሶ መጣብኝ። በውኃ የሚሟሟ ዕቃ እንዳለ የሰማሁት ኋላ ነው። ማታ አዲስ አበባ ደውዬ ለእናቴ ነገርኋት። ዝም ብላ ቆየችና «ታዲያ ልጄ፣ እኔ የት ሄጄ ላልቅስለት?» አለችኝ። በአርባው ቀን ነጠላዬን ዘቅዝቄ ከቤት ወጣሁ፤ መኪና ውስጥ ገብቼ ሞተሩን አስነሣሁ፤ የምሄድበት ግን አልነበረኝም።

ያዳነኝ አንድ መሰናክል ነው። እኅቱ ኦሃዮ ስለምትኖር ጥቂት አስቀርቼላት ነበር። በሚያምር የናስ ዕቃ አድርጌ ስሄድ አውሮፕላን ማረፊያው ፍተሻ ላይ ማሽኑ ውስጡን ማየት አልቻለም። ጠባቂዎቹ የአመድ ዕቃ አይከፍቱም፤ ቤተሰብ ቢለምን እንኳ አይከፍቱም። መለሱኝ፤ አልቅሼ ወደ ቤት ገባሁ። በዓመቱ ከእኅቱ ጋር ተስማምተን ያን የቀረውን ኳንቲኮ በሚገኘው ብሔራዊ መካነ መቃብር አሳረፍነው። በክብር ለተሰናበተ የቀድሞ ወታደር ቦታው፣ ቁፋሮው፣ ስም የተጻፈበት ድንጋዩ ያለ ክፍያ ነው፤ ለትዳር ጓደኛውም ቦታ አለ። ባለቤትሽ በውትድርና አገልግሎ እንደሆነ አልጻፍሽም፤ ከሆነ የስንብት ወረቀቱን ፈልጊ። እናቴ በሁለተኛው ዓመት ስትመጣ ወሰድኋት። በድንጋዩ ላይ ያለውን የስሙን ፊደል ማንበብ አትችልም፤ በጣቷ እየዳበሰች «ይኸው አገኘሁህ» ብላ ተቀመጠችና አለቀሰች።

አዲስ አበባ ስለ መውሰድ፦ ከእንጨት ወይም ከፕላስቲክ የተሠራ፣ ጨረር የሚያሳልፍ ዕቃ ይሁን፤ በእጅሽ ያዢው እንጂ ለጭነት አትስጪ። የሞት የምስክር ወረቀቱን፣ የማቃጠል ምስክር ወረቀቱን፣ ድርጅቱ ዕቃው ውስጥ ምን እንዳለ የሚገልጽበትን ደብዳቤ ያዢ፤ የሞት ምስክር ወረቀቱን ማኅተም ያለበት ቢያንስ ስምንት ቅጂ አውጪ፤ ባንኩም ኢንሹራንሱም ይፈልጉታል። አየር መንገዱንና ዋሽንግተን ያለውን ኤምባሲያችንን ምን እንደሚጠይቁ በጽሑፍ ጠይቀሽ መልሳቸውን አትመሽ ያዢ። ልጆቹ በፖስታ ላኪልን ካሉሽ፣ አመድ የሚያጓጉዘው የአሜሪካ መንግሥት ፖስታ ቤት ብቻ ነው፤ ከመጋቢት 2025 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ጀምሮም ለዚሁ የተዘጋጀውን የራሱን ሣጥን ካልተጠቀምሽ አይቀበልሽም። ከሁሉ በፊት ግን አባትሽ ያረፉበትን ቤተ ክርስቲያን ሰበካ ጉባኤ ጠይቂ። ይዘሽ ሄደሽ በር ላይ እንዳይመልሱሽ እፈራለሁ። እምቢ ካሉ በአዲስ አበባ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሰዎችን አነጋግሪ፤ እምነቱ የእነርሱ ነው።

እድራችሁም ቢሆን መተዳደሪያ ደንቡ «ለቀብር» ብቻ የሚል እንደሆነ እይ። የእኛ እድር ስብሰባ ጠርቶ ያንኑ ገንዘብ ሰጥቶኛል፤ ሳልጠይቅ ቢሆን ግን አላገኘውም ነበር። ለቅሶ ተቀመጪ፤ ፎቶውን አኑሪ፤ ጧፍ አብሪለት። «የት ተቀበረ?» ለሚልሽ ሰው «ገና አላረፈም፤ ስናሳርፈው እንጠራችኋለን» በዪው።

ነገ ጠዋት ሲደውሉልሽ «ቅዳሜ ከተሰናበትሁት በኋላ እፈርማለሁ» በያቸው። ቅዳሜ ሥራ የለኝም፤ ክፍሉ ውስጥ ብቻሽን መግባት ከከበደሽ በግል መልእክት ሰዓቱንና አድራሻውን ላኪልኝ፤ መጥቼ አብሬሽ እቆማለሁ።