ሌንሴ ነው ደብዛዛ ወይስ እኔ?

ጥያቄ፦ ያገለገለ 100 ሚሊ ሜትር ማክሮ (ጥቃቅን ነገር በቅርበት ማንሻ) ሌንስ ገዛሁ። ጉንዳን ከራስ እስከ ጅራቱ ጥርት ብሎ እንዲወጣልኝ ብዬ አፐርቸሩን (ብርሃን የሚገባበትን የሌንሱን ቀዳዳ) እስከ ኤፍ 22 ዘጋሁት፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል። ፎቶውን ሳሰፋው ግን ጭጋግ የለበሰ ይመስላል። በኤፍ 5.6 ያነሳሁት ይሻላል! ተሸወድኩ እንዴ? በምንስ ልፈትሸው?

መልስ፦ አልተሸወድክም፣ ቢያንስ በዚህ ምክንያት አይደለም። ጤነኛ ሌንስም ኤፍ 22 ላይ እንደዚሁ ነው የሚያደርገው። ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ይበተናል፣ ዲፍራክሽን የሚሉት እሱን ነው። ማክሮ ላይ ደግሞ ይብሳል፤ ምክንያቱም ሌንሱ ላይ የምታነበው ቁጥር የሚሠራው ሩቅ ነገር ስታነሳ ነው። 1ለ1 ስትደርስ፣ ማለትም የጉንዳኑ ምስል ሴንሰሩ (ምስሉን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) ላይ በራሱ በጉንዳኑ ልክ ሲያርፍ፣ ቁጥሩ በግምት እጥፍ ይሆናል። ያንተ ኤፍ 22 ወደ ኤፍ 44 ሄዷል ማለት ነው። ኒኮን ካሜራዎች ይህን ለውጥ ስክሪኑ ላይ ያሳያሉ፣ ብዙዎቹ ሌሎች ግን ዝም ነው።

ለፍተሻው ጉንዳኑን ተወው፣ ይንቀሳቀሳል። ደቃቅ ጽሑፍ ያለበት ወረቀት ግድግዳ ላይ ልጥፍ አድርገህ ለጥፍና ካሜራውን ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ላይ አቁም። ዋናው ጣጣ ካሜራውን ከወረቀቱ ጋር ትይዩ ማድረግ ነው፤ 1ለ1 ላይ በኤፍ 2.8 ጥርት የሚለው ውፍረት የሚሊ ሜትር ሲሶ ያህል ስለሆነ ትንሽ ካዘነበለ አለቀልህ። አንድ ዘዴ አለ። ትንሽ መስታወት ወረቀቱ ላይ ልጥፍ አድርገህ ያዝና በካሜራው እይ፤ የሌንሱ የራሱ ምስል ልክ መሀል ላይ ከተቀመጠ ቀጥ ብለሃል።

ፎከሱን በእጅ አድርግ፣ የእጅ መንቀጥቀጥ መከላከያውን አጥፋ፣ ሰዓት ቆጣሪውን ደግሞ 2 ሰከንድ ላይ አድርገው። እኔ አንዴ አንድን ሌንስ «የማይረባ» ብዬ ፈርጄበት ነበር፤ ለካ እንጨት ወለል ላይ ወዲያ ወዲህ እያልኩ ትራይፖዱን የማንቀጠቅጠው ራሴ ነኝ።

ከዚያ ወረቀቱን አንሳና የፎቶውን ማዕዘኖች እይ። አራቱም እኩል ከደበዘዙና ፎከሱን ማዕዘኑ ላይ ስታደርገው ከጠሩ፣ ሌንሱ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ፎከሱ ጎበጥ ይላል ማለት ነው። ነፍሳት ለሚያነሳ ሰው ይህ ምንም አይደለም። አንዱ ማዕዘን ብቻ ከደበዘዘ ግን ጠርጥር። ካሜራውን ገልብጠህ ድገመው፦ ድብዘዛው በፎቶው ላይ ያው ማዕዘን ላይ ከቀረ ጥፋቱ የሌንሱ ነው፣ ወደ ተቃራኒው ማዕዘን ከዞረ ግን አቀማመጥህ ነው የተዛባው። የሌንሱ ከሆነ፣ ያኔ ሻጩን አነጋግረው።

የቀለም ችግርም አለ። ማስመሪያ 45 ዲግሪ አጋድመህ መሀሉ ላይ ፎከስ አድርግና አፐርቸሩን ሙሉ ከፍተህ አንሳ። ከፎከሱ ፊት ያሉት መስመሮች ሐምራዊ፣ ከኋላ ያሉት አረንጓዴ ጠርዝ ካወጡ ብዙ አትደንግጥ፣ አፐርቸሩን ዘጋ ስታደርገው ይቀንሳል። የፎቶው ጠርዝ አካባቢ ብቻ የሚታየውን የቀለም መስመር ደግሞ ሶፍትዌር ያጠፋልሃል።

ጉንዳኑን በኤፍ 8 ሞክረው። ጥርት የሚለው 1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፣ ስለዚህ ዓይኑ ላይ አድርገው። ሙሉ አካሉ ካማረህ ፎከሱን ትንሽ ትንሽ እየገፋህ ብዙ ፎቶ አንሳና በሶፍትዌር አዋህዳቸው፣ ጉንዳኑ ቆሞ ከጠበቀህ ማለቴ ነው።