የ88 በመቶዋ ልጅ

ይድረስ ለእትዬ፣

እንዴት ከርመዋል? አምድዎን ሁሌም አነባለሁ። ሰው ችግሩን ለማያውቀው ሰው የሚጽፈው ጓደኛ ሲያጣ ነው እያልኩ ስስቅ ነበር። ይኸው እኔም ጻፍኩ።

33 ዓመቴ ነው። ሶፍትዌር ዴቨሎፐር ነኝ። እዚሁ አዲስ አበባ ሆኖ ለአሜሪካ ደንበኛ ሥራ በሚሠራ ድርጅት ውስጥ ነው ያለሁት። ስሙን አልጠራም። ደመወዙ ጥሩ ነው። ጓደኞቼ ይቀኑብኛል እንጂ አያዝኑልኝም።

ችግሬ አንድ ነው፤ ትራከሩ። የማያውቁት ከሆነ ላስረዳዎ። ላፕቶፓችን ላይ የተጫነ ፕሮግራም ነው። በየ10 ደቂቃው ስክሪናችንን ፎቶ ያነሳል። ኪቦርድ ስንቴ እንደነካን፣ ማውስ ስንቴ እንዳንቀሳቀስን ይቆጥራል። ከዚያ ፐርሰንት ይሰጠናል። ከ50 በመቶ በታች የሆነ ሰዓት እንደተሠራ አይቆጠርም።

የእኔ ባለፈው ወር 61 በመቶ ነው። አጠገቤ የሚቀመጥ ልጅ 94 ያመጣል። በየስብሰባው ስሙ ይጠራል። ምሥጢሩን ደግሞ ቢሮው በሙሉ ያውቃል። ማውሱን የሚያስቀምጥባት ትንሽ ዕቃ አለችው። ውስጧ ያለችው ክብ ነገር ቀስ እያለች ትዞራለች፣ ማውሱ ራሱን ያንቀሳቅሳል። ልጁ ምሳ በልቶ፣ ቡና ጠጥቶ፣ ታች ወርዶ ስልክ አውርቶ ይመለሳል። ማውሱ ግን ሥራ ላይ ነው።

እኔ ጠዋት 3 ሰዓት እገባለሁ። ካሊፎርኒያ ያሉት ሰዎች ቢሮ የሚገቡት እኛ ጋ ከመሸ ነው። ስለዚህ ስብሰባችን ማታ 2 ሰዓት ነው። እነሱ ሰዓታቸውን ሲያዞሩ ደግሞ 1 ሰዓት ይሆናል። የተባለውን ጨርሼ ላፕቶፕ ስዘጋ 4 ሰዓት ሆኗል። ቅዳሜም አለ። ቁጭ ብዬ ደምሬዋለሁ፤ በሳምንት 70 ሰዓት ግድም ነው። ትራከሩ የሚያውቅልኝ 45ቱን ነው።

ስብሰባ ላይ ሳወራ አይቆጥርም፤ እጄ ኪቦርድ ላይ የለማ። ሰሌዳ ላይ ስስል አይቆጥርም። መብራት ሲሄድ አይቆጥርም። አንዴ ሦስት ቀን ያሰቃየኝ ባግ፣ የኮድ ስህተት ማለቴ ነው፣ መልሱ የመጣልኝ መገናኛ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው። ሰው ሁሉ ሲገፋፋ እኔ ብቻዬን ፈገግ አልኩ። እሱን ማን ይቆጥርልኛል?

ለአለቃዬ ነገርኩት። «ደንበኛው የሚከፍለን በሰዓት ነው፤ ሰዓቱን ማሳየት አለብን፤ ደንብ ነው» አለኝ። ቀጥሎ «አንተ ቲም ሊድ ሆነህ እንዲህ ካልክ ሌሎቹ ምን ይበሉ?» ብሎ አሳፈረኝ። አዎ፣ ከሰኔ ጀምሮ ቲም ሊድ ነኝ። ስድስት ልጆች ከእኔ ሥር አሉ። ዓርብ ዓርብ የእነሱን ሪፖርት ፈርሜ አሳልፋለሁ። እሱም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ኅዳር ላይ አንዷ ጀማሪ ልጅ ሁለት ቀን ሙሉ 21 በመቶ አመጣች። የደንበኛው ተጠቃሚዎች አንዳንዴ ሁለት ጊዜ ይከፍሉ ነበርና እሱን ስትፈልግ ነው። የግድግዳ ካላንደር ገልብጣ ጀርባው ላይ ቀስት ስትስል ዋለች። አገኘችውም፤ ማስተካከያው 14 መስመር ኮድ ሆነ። ግን ደንብ ደንብ ስለሆነ የሁለት ቀን ደመወዝ ተቆረጠባት። አሁን እሷም ተስተካክላለች፣ 88 ታመጣለች። ወደ ጉዳዬ ልመለስ።

ባለፈው ሳምንት ያ የ94ቱ ልጅ የወሩ ምርጥ ሠራተኛ ተብሎ ተሸለመ። አጨበጨብኩ። ማታ እሱ የጻፈውን ኮድ የማስተካክለው እኔ ነኝ፣ አጨበጨብኩለት! ባለቤቴ ንዴቴን ሰልችታ «አንተም ግዛና ተገላገል» ትለኛለች። ዕቃዋን ቦሌ አንድ ሱቅ ውስጥ አይቻታለሁ። ሁለቴ ገብቼ ሁለቴ ባዶ እጄን ወጥቻለሁ።

ልግዛት? ወይስ ሥራውን ልልቀቅ? የኮንዶሚኒየም ዕዳ አለብኝ፣ የሁለት ዓመት ልጅም አለችን። ደግሞ እውነቱን ልንገርዎ፣ ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ያንን ቁጥር በየቀኑ ሳይ ሳይ እኔም ማመን ጀምሬያለሁ። ሌሊት እነቃና «ምናልባት እውነትም ሰነፍ ነኝ» እላለሁ። ብሆንስ?

61 በመቶ ነኝ፣ ከአዲስ አበባ

*

61 በመቶ፣

ሰነፍ አይደለህም። ሰነፍ ሰው የሌላውን ሰው ኮድ ማታ 4 ሰዓት ላይ አያስተካክልም። ይህችን እዚህ ላይ እንዝጋት።

አሁን እኔም ወደ ጉዳዬ ልመለስ። ስለ ትራከሩ ገጽ ሙሉ ጻፍክልኝ። ስለዚያች ልጅ ግን ጥቂት መስመር፣ እሱንም መሐል ላይ ሸጉጠህ። «ደመወዝ ተቆረጠባት» ትላለህ። ማን ቆረጠው? ዝናብ ነው የቆረጠው? ዓርብ ዕለት እስክሪብቶ ያነሳው እጅ የማን ነበር? «ደንብ ደንብ ነው» አልክ ደግሞ። አለቃህ ላንተ ያለህን ቃል፣ አንተን ያንገበገበህን ያንኑ ቃል፣ ለእሷ አቀበልካት።

እኔ ስለ ኮድ ብዙ አላውቅም። የእህቴ ልጅ ግን የአንተው ሙያ ናት። ደውዬ ጠየቅኋት። ነገሩ እንዲህ ነው አለችኝ። ሰውየው ይከፍላል፣ መልሱ ሳይደርሰው ኔትዎርክ ይቆረጣል፣ ስልኩ ያንኑ ጥያቄ ደግሞ ይልካል፣ ሰርቨሩ ሌላ ክፍያ መጣ ብሎ ይቀበላል። መድኃኒቱ ለእያንዳንዱ ክፍያ የራሱን ቁጥር መስጠት ነው፤ ሁለተኛ ሲመጣ «አንተን አውቅሃለሁ» እንዲባል። ሲነገር ቀላል ነው። ግን የትኛው ቀድሞ ደረሰ፣ የቱ ጋ ተቆረጠ የሚለውን ለማወቅ ሰው ቁጭ ብሎ ማሰብ አለበት። «አክስቴ፣ ይሄ ባግ እኮ አንዳንዱን ሁለት ሳምንት ያስለቅሰዋል» አለችኝ። ያቺ ጀማሪ በሁለት ቀን ጨረሰችው። አንተ የመገናኛው ሰልፍ አልተቆጠረልኝም ብለህ ታለቅሳለህ። የእሷ ሰልፍ ካላንደሩ ነበር።

ከሁሉ ያናደደኝ ግን «ተስተካክላለች» የምትለዋ ናት። 21 ታመጣ የነበረች ልጅ በምን ተአምር 88 የገባች ይመስልሃል? ካላንደሩን ትታዋለች ማለት ነው። ወይ ያቺን ዕቃ ገዝታለች፣ ወይ እያሰበች ኪቦርድ መነካካት ለምዳለች። ከኅዳር ወዲህ እንደዚያ ያለ ነገር አግኝታ ታውቃለች? አልጻፍክልኝም። እኔ መልሱን የማውቀው ይመስለኛል።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር፤ መርካቶ፣ ሰው ሱቅ ተቀጥሮ። ጌትዮው ከመጋረጃው ጀርባ ተቀምጦ ሂሳብ ይሠራል። ዓይኑ መዝገብ ላይ፣ ጆሮው ሲንጀሩ ላይ። መኪናው ዝም ካለ ያስላል። አንዴ ካሳለ ማስጠንቀቂያ ነው። ሁለቴ ካሳለ መጋረጃው ይገለጣል። አባቴ ደግሞ ሙሉ ልብስ ከመቁረጡ በፊት ጨርቁን አጠገቡ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ በጠመኔ አስምሮ፣ ዝም ብሎ ያየዋል። መቀስ ከገባ መመለስ የለማ። እና ምን ያደርጋል መሰለህ? ዓይኑን ከጨርቁ ሳይነቅል በእግሩ መኪናውን ባዶውን ይረግጣል። ክር የለ፣ ጨርቅ የለ። ትክ ትክ ትክ። አንድ ቀን ምሳ ላደርስ ሄጄ አየሁትና ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

ስለዚህ የጎረቤትህ ዕቃ አላስደነገጠችኝም። የአባቴን እግር ነው ልጁ በዩኤስቢ የገዛት። እሱን ተወው። ግን አባቴ አርጅቶ ቤት ከዋለ በኋላ እንኳ፣ በር ሲንኳኳ ቀኝ እግሩ ወለሉን ትክ ትክ ያደርግ ነበር። ሰው መጣ ማለት ጌትዮው መጣ ማለት ነው። አንተም ሌሊት እየነቃህ «ሰነፍ ነኝ ወይ» ማለት ጀምረሃል። እግርህ መንቀሳቀስ ጀምሯል ማለት ነው። ሱቁ ውስጥ ሁለቴ ገብተህ ባዶ እጅህን የወጣኸው ወደህ አይደለም። አትግዛት።

የእናንተው ሙያ ሰዎች ይህን ነገር ድሮ ጨርሰውታል። እ.ኤ.አ. በ1982 አፕል ውስጥ አለቆቹ አንድ ቅጽ አመጡ፤ እያንዳንዱ ሰው በሳምንት ስንት መስመር ኮድ እንደጻፈ የሚሞላበት። እዚያ የሚሠራ ቢል አትኪንሰን የሚባል ፕሮግራመር በዚያ ሰሞን የግራፊክሱን ኮድ እንደገና ጽፎት ነበር። ሥራው ስድስት እጥፍ ያህል ፈጠነ፣ ኮዱ ግን 2,000 መስመር ግድም ቀነሰ። ቅጹ ሲደርሰው «ከዜሮ በታች 2,000» ብሎ ሞላ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሙላ ማለቱን ተዉት። ያንተዋ ልጅ ግን አትኪንሰን አይደለችም። ጀማሪ ናት፣ ቅጹን የምታስረክበውም ለአንተ ነው።

ስለ 70 ሰዓትህ ደግሞ። የስታንፎርዱ የኢኮኖሚክስ ምሁር ጆን ፔንካቬል እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ጥናት የአንደኛውን የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ጥይት ፋብሪካ ሠራተኞች መዝገብ አይቷል። አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። ምርታቸው ተቆጥሮ የተመዘገበ ነው፣ ማውስ አይደለም። በሳምንት ከ50 ሰዓት ግድም በኋላ የእያንዳንዱ ተጨማሪ ሰዓት ፍሬ እየቀነሰ ይሄዳል። 70 ሰዓት የሠራው 56 ሰዓት ከሠራው ብዙም አላለፈም። ያ እንግዲህ የእጅ ሥራ ነው። ማታ 4 ሰዓት ላይ በደከመ ጭንቅላት ክፍያ የሚነካ ኮድ መጻፍ ምን እንደሚመስል አንተ ንገረኝ።

ሕጉንም ላስታውስህ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ላይ ያቆመዋል። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 አያልፍም። 48 እና 12 ስትደምር 60 ነው። አንተ 70 ላይ ነህ። ክፍያውም እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ድረስ ላለው ትርፍ ሰዓት የመደበኛው አንድ ተኩል እጥፍ ነው። «የሥራ መሪ ነህ፣ አይመለከትህም» ይሉህ ይሆናል። ሕግ የሚያውቅ ሰው ጋ ሄደህ ጠይቅ። ሪፖርት መፈረም ብቻውን ሰውን የሥራ መሪ አያደርገውም። የደመወዝ ቅነሳውም እንደፈለጉ የሚደረግ አይደለም። ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት ወይም የሥራ ደንብ ሲፈቅድ፣ ፍርድ ቤት ሲያዝ፣ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው። ደንብ አለ ካሉ ደንቡን በወረቀት ያሳዩህ። እስካሁን አንብበኸው ታውቃለህ?

ሥራውን ልልቀቅ ወይ ላልከው፣ ዛሬ አትልቀቅ። ዕዳ አለብህ፣ ልጅ አለችህ፣ ደግሞም ያልጨረስከው ነገር አለ። ሌላ ቦታ መፈለግ ግን ዛሬውኑ ጀምር።

ሰኞ ጠዋት ልጅቷን ቡና ጋብዛት። «ደንቡ ነው» ሳትል፣ «ድርጅቱ ነው» ሳትል፣ «አጥፍቻለሁ» በላት። ብሩን ከኪስህ እንዳትሰጣት፤ ምጽዋት ያደርገዋል፣ እነሱም ይገላገላሉ። ከዚያ ለአለቃህ ደብዳቤ ጻፍ። በኅዳር የፈረምኩት የሁለት ቀን ሪፖርት ስህተት ነው በል። በእነዚያ ሁለት ቀናት ተጠቃሚዎች ሁለቴ የሚከፍሉበት ምክንያት ተገኝቷል፣ በ14 መስመር ተስተካክሏል፣ የተቆረጠው ይመለስ በል። ፍትሕ የሚል ቃል አታስገባበት፣ አለቃህ አይወደውም። ይልቅ ሁለቴ የተከፈለውን ሁሉ ለተጠቃሚዎቹ መመለስ ደንበኛውን ስንት ያስወጣው እንደነበር ጠይቀው። እሱ ይገባዋል። በዚያው እስክሪብቶ ፈርምበት።

ያ የካላንደር ወረቀት አልተጣለ እንደሆነ ለምናትና ከደብዳቤው ጋር አያይዘው።

እትዬ