የኒዮዲሚየም ቁራጭ ለምን ይጠቁራል? ለምንስ ይፈረፈራል?

ጠያቂያችን የገዙት የኒዮዲሚየም ቁራጭ በእጃቸው ሲገባ እንደ ብር ያበራ እንደነበር፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ግራጫ ሆኖ መፈርፈር እንደጀመረና ከብረት ጋር እንደማይጣበቅ ገልጸው፣ «ተታልዬ ይሆን?» ብለዋል። በማስተማሪያ ቤተ ሙከራ የብረት አስተኔ ናሙናዎችን በማዘጋጀት ዓመታት ስላሳለፍሁ፣ የዘረዘሯቸው ምልክቶች ዕቃው ሐሰተኛ ነው የሚያሰኙ ሳይሆኑ ከእውነተኛው የሚጠበቁ መሆናቸውን ልነግርዎ እችላለሁ።

አቶማዊ ቁጥሩ 60 የሆነው ይህ ንጥረ ነገር አዲስ ሲቆረጥ ብርማ ነጭ ነው፤ አስተውሎ ለሚያየው ፈዘዝ ያለ ቢጫነትም አለው። ክብደቱ በኩብ ሴንቲ ሜትር 7 ግራም ያህል ስለሆነ ከብረት ጥቂት ይቀላል። ችግሩ ያለው ከአየር ጋር ባለው ጠባይ ላይ ነው። አሉሚኒየም ሲዝግ ላዩን የሚሸፍነው ስስ ኦክሳይድ አጥብቆ ስለሚይዝ የውስጡን አካል ይጠብቃል፤ የኒዮዲሚየም ኦክሳይድ ግን እንደ ቅርፊት እየተላጠ ስለሚወድቅ ሁልጊዜ አዲስ ገጽ ለአየር ይጋለጣል፤ እርጥበት ሲጨመርበት ደግሞ ይፋጠናል። እኔ ራሴ አንዲት ቁራጭ በወረቀት ጠቅልዬ በመሳቢያ ውስጥ ረስቼ፣ ከወራት በኋላ ስከፍተው ያገኘሁት በአብዛኛው ዱቄት ነበር።

የማግኔቱ ነገር ብዙዎችን ያሳስታል። ንጹህ ኒዮዲሚየም በክፍል ሙቀት በማግኔት የሚሳበው እጅግ በደካማው ነው፤ በክር አንጠልጥለው ኃይለኛ ማግኔት ቢያስጠጉለት ብቻ ቀስ ብሎ ሲጠጋ ያዩታል። ገበያ ላይ «የኒዮዲሚየም ማግኔት» የሚባለው የኒዮዲሚየም፣ የብረትና የቦሮን ውሁድ ሲሆን በውስጡ ከሁሉ የሚበዛው ብረት ነው፤ የሚያብረቀርቀው ገጹም አብዛኛውን ጊዜ ከዝገት እንዲጠብቀው የተቀባው ኒኬል ነው። ስለዚህ የእርስዎ ቁራጭ እንደ ማግኔት ከብረት ጋር ቢጣበቅ ኖሮ ነበር መጠርጠር የሚገባዎ።

እርግጠኛ መሆን ከፈለጉ፣ ጓንትና መከላከያ መነጽር አድርገው፣ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ፣ ከእሳት ርቀው፣ ቅንጣት ያህሉን በቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ያሟሙት፤ የሚወጣው ጋዝ ሃይድሮጅን ነውና። ፈሳሹ በፀሐይ ብርሃን ሐምራዊ ሆኖ በፍሎረሰንት አምፖል ሥር ቀለሙ ይለወጣል። ይህም የሚሆነው ኒዮዲሚየም በ580 ናኖ ሜትር አካባቢ ያለውን ቢጫ ብርሃን መርጦ ስለሚውጥ ነው። (በነገራችን ላይ ኦስትሪያዊው ኬሚስት ካርል አወር ፎን ቬልስባህ በ1885 እስኪለያቸው ድረስ ኒዮዲሚየምና ፕራሲዮዲሚየም «ዲዲሚየም» እየተባሉ እንደ አንድ ንጥረ ነገር ይቆጠሩ ነበር፤ ኒዮዲሚየም ማለትም በግሪክኛ «አዲስ መንታ» ማለት ነው።)

የቀረውን ለማዳን በደረቅ የማዕድን ዘይት ውስጥ ነክረው፣ ክዳኑ በሚገጥም ብልቃጥ ያስቀምጡት። አርጎን (ከብረቱ ጋር የማይዋሃድ ጋዝ) በተሞላ የታሸገ ብርጭቆ ማስቀመጥ ከሁሉ ይሻላል፤ በቤት ግን አይሠራም። ግራጫውን ሞርደው ማንሳት ይችላሉ፤ ነገር ግን ዱቄቱና ፍቅፋቂው በቀላሉ ስለሚቀጣጠሉ በዘይት እንደረጠቡ ይሥሩ፤ እሳት ቢነሳም ውኃ ሳይሆን ደረቅ አሸዋ ያልብሱት። ለመደርደሪያ ጌጥ ብቻ የሚፈልጉት ከሆነ በሚቀጥለው ጊዜ ኢትሪየም ይግዙ፤ በደረቅ አየር ብርማነቱን ለረጅም ጊዜ ይዞ ይቆያል። ዩሮፒየምን ግን አይሞክሩት፤ ከኒዮዲሚየም ይልቅ እጅግ ፈጥኖ ይበላሻል።