ጥሩው ኮሌስትሮል ወይስ ሥብ መልስ?

ከሞጣ የጻፉልኝ አንባቢ እንዲህ ይላሉ፦ «የኔታ፣ እናቴ ደብረ ማርቆስ ደሟን ብትመረመር ‹መጥፎው ኮሌስትሮል በዝቷል፣ ጥሩው አንሷል› አሏት። ‹አንድ ነገር እንዴት ጥሩም መጥፎም ይሆናል?› አለችኝ። አነጋገሩ ልክ ነው?»

ጥያቄያቸው ልክ ነው። ኮሌስትሮሉ አንድ ነው፤ የሚለያየው ተሸካሚው ነው። ኮሌስትሮል የሥብ ወገን ነው፣ ሥብ ደግሞ ከውሃ ጋር አይዋሃድም፤ ስለዚህ ደም ውስጥ ፕሮቲን ይሸከመዋል። መጥፎው የሚባለው ተሸካሚ፣ ኤልዲኤል፣ ለሰውነት ያደርሰዋል፤ ሲበዛ ግን ደም ቅዳው ግድግዳ ውስጥ እየገባ ይቀርና መተላለፊያውን ያጠባል። ጥሩው የሚባለው፣ ኤችዲኤል፣ ከዚያ እያነሣ ወደ ጉበት ይመልሳል።

ኮሌስትሮል የሚለው ቃል የግሪክ ነው፤ ሐሞትና ጥጥር ማለት ነው። መጀመሪያ የተገኘው ሐሞት ጠጠር ውስጥ ነው፤ ስሙን በ1815 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ሼቭረል አወጣለት። የእኛው ሥብ ደግሞ ከግእዙ ሥብሕ የመጣ ነው፣ በንጉሡ ሠ። በእሳቱ ሰ ሲጻፍ ወደ ስብሐት፣ ወደ ምስጋና ይወስደናል። ዛሬ ሁሉም «ስብ» ብሎ ይጽፋል፤ እኔ ግን እጄ እሺ አይለኝም። «የደም ቅባት» የሚሉም አሉ። ቅባት ከላይ የሚቀባ ነው። ጎጃም ውስጥማ ቃሉ የቆየ የሃይማኖት ክርክር ይቀሰቅሳል፤ ለላቦራቶሪ ወረቀት አይመችም።

ኤችዲኤልን «ከፍተኛ እፍግታ ያለው ሊፖፕሮቲን» እንበለው የሚሉ ባለሙያዎች አሉ፤ ሊፖፕሮቲን ሥብና ፕሮቲን አንድ ላይ ማለት ነው። ትርጉሙ አልተሳሳተም፤ ኤችዲኤል ፕሮቲኑ በዝቶ ሥቡ ስላነሰ ጥቅጥቅ ያለ ነው። ግን የሞጣዋ እናት ከዚህ ምን ይረዳሉ? አማርኛ እኮ መንገዱን ቀድሞ አሳይቶናል። ከልብ የሚወስደውን ደም ቅዳ፣ ወደ ልብ የሚመልሰውን ደም መልስ ብሏል። ቀዳ ከግእዙ ቀድሐ ነው፤ ከምንጭ ውሃ መቅዳትም፣ ጠላ ለእንግዳ መቅዳትም በእሱ ይነገራል። እንግዲያው ኤልዲኤል ሥብ ቅዳ፣ ኤችዲኤል ሥብ መልስ ቢባሉ ምን ይጎድላል?

«መላሹን በመድኃኒት ማብዛት ልብን አላዳነም» ብሎ የሚሞግተኝ አለ። እውነት ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. አንዱ ሙከራ ሟች ስለበዛበት ተቋርጧል። የጠቀመው ቅዳውን መቀነስ ነው። መላሽነቱ ግን በዚህ አይሻርም፤ እኔም የጠየቅሁት የሥራውን ስም ነው።

አሁንማ ባሕር ዳር ታክሲ ውስጥ ሳይቀር «ጥሩው ኮሌስትሮል» ይባላል። አልወደውም፤ ሰው ግን ተግባብቶበታል። እናትዎም በቀጠሯቸው ቀን «ጥሩው ስንት ደረሰ?» ብለው ይጠይቁ፤ ሐኪሙ ይገባዋል። ቤት ሲመለሱ ግን ሥብ መልስ የሚለውን ይንገሩልኝና፣ ለጆሯቸው እንዴት እንደሆነ ይጻፉልኝ።