የጊታር ክር ውፍረትና የስቲቪ ሬይ ቮን ድምፅ

ጥያቄ፦ የ14 ዓመት ልጄ የብሉዝ ጊታር እየተማረ ነው። አሜሪካዊው የብሉዝ ጊታር ተጫዋች ስቲቪ ሬይ ቮን በልጅነቱ መጀመሩን ሰምቶ እንደ እሱ ወፍራም ክር አስገጠመ፤ አሁን ጣቶቹ ቆስለዋል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ወፍራሙን ክር ዛሬውኑ ያስፈቱለት። ስቲቪ በ1954 እ.ኤ.አ. ዳላስ፣ ቴክሳስ ተወልዶ በ7 ዓመቱ የጀመረው በአሻንጉሊት ጊታር ነበር። ከዚያ ከታላቅ ወንድሙ ከጂሚ እያየ ተማረ፤ ትምህርቱን አቋርጦም ወደ ኦስቲን ሄደ። በ1982 በስዊዘርላንድ የሞንትሩ ጃዝ ፌስቲቫል መድረክ ከታዳሚው ከፊሉ ቢጮህበትም እንግሊዛዊው ዘፋኝ ዴቪድ ቦዊ ሰምቶት ለአልበሙ አስጫወተው። የራሱ የመጀመሪያ አልበም የወጣው በ1983 ነው። ባለ 13 ክር (ቀጭኑ ክር 0.013 ኢንች ውፍረት ያለው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ክሩ ይቀጥናል) ይጫወት የነበረው ጣቱ ለዓመታት ከጠነከረ በኋላ ነው፤ ያም ሆኖ ጣቱ ይቀደድ ነበር።

ልጆች የሚስቱት አንድ ነገር አለ፦ ስቲቪ ስድስቱንም ክሮች በግማሽ ድምፅ (በአንድ ፍሬት ያህል) ከተለመደው ቅኝት ዝቅ አድርጎ ይቃኝ ነበር። ይህ ብቻውን የክሩን ውጥረት በ11 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ለቀጭን ክር በተስተካከለ ጊታር ላይ ወፍራም ክር ሲገጠም አንገቱ ወደ ፊት ይጎብጣል፣ ክሩ ከፍሬቱ (አንገቱ ላይ ከተደረደሩት የብረት ዘንጎች) ይርቃል፣ መጫን ይከብዳል። በአንገቱ ጫፍ ክሩ የሚያልፍበት ጠባብ ቦይም ይይዘውና ቅኝቱ ቶሎ ይበላሻል።

ቁስሉ እስኪድን ይረፍ። ከዚያ ባለ 9 ክር ይግጠሙለትና በግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጎ ይቃኝ። ድምፁን ከፍ ለማድረግ ክሩን ወደ ጎን ሲገፋ በቀለበት ጣቱ ብቻ ሳይሆን የመሃልና የጠቋሚ ጣቶቹን ከኋላ ደርቦ ይግፋ። ባለ 10 የሚገጥመው ይህን ያለ ሕመም ሲችል ነው፤ ያኔም ጊታሩን ለባለሙያ ሰጥታችሁ በአንገቱ ውስጥ ያለውን ጉብጠቱን የሚቆጣጠር ብረት ያስተካክልላችሁ።