አሲድ ሲነካው ቀለሙን የሚቀይር ጨርቅ፦ ጥያቄና መልስ

ዛሬ ጥያቄያችሁን የሚመልሱት ባሕር ዳር ጨርቅ በማቅለም ሥራ የቆዩ ጋሼ ናቸው።

የማርቆሱ፦ ጋሼ፣ ጨርቅ እንዴት ነው አሲድ የሚለየው?

ጋሼ፦ ቤታችሁ አለ እኮ! አልጫ ወጥ ነጠላ ላይ ሲንጠባጠብ ቢጫ ያደርገዋል። ሳሙና ስታስነኩት ይቀላል። ሳሙና አልካላይን ነው፣ የአሲድ ተቃራኒ ማለት ነው፤ እርዱ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን የሚባል ቢጫ ቀለም ሃይድሮጅን ይለቅና የሚውጠው ብርሃን ይቀየራል። ሎሚ ጠብ አድርጉበት፣ ቢጫው ይመለሳል።

የሞጣዋ፦ እናቴ ሎሚ እድፉን ያስለቅቃል ትላለች።

የቢቸናው ሸማኔ፦ አያስለቅቅም፤ ቀዩን ብቻ ነው የሚያጠፋው። የሚያስለቅቀው ፀሐይ ነው።

የሞጣዋ፦ የእናቴን ነጠላ የት አየኸው?

ጋሼ፦ ተዉ እንግዲህ። ሸማኔው ልክ ነው፤ ኩርኩሚን ፀሐይ አይችልም። ለሥራ የማይሆነውም ለዚህ ነው።

ተማሪ፦ ታዲያ ለሥራ የሚሆነው የቱ ነው?

ጋሼ፦ እሰይ፣ ጥያቄ መጣ። ብሮሞታይሞል ብሉ የሚባለውን የላቦራቶሪ ቀለም ውሰድ። ፒኤች የአሲድነት መለኪያ ነው፤ ከ7 በታች አሲድ፣ ከ7 በላይ አልካላይን። ቀለሙ ፒኤች ከ6 በታች ቢጫ፣ ከ7.6 በላይ ሰማያዊ፣ መሐሉ ላይ አረንጓዴ ነው። ጨርቅ ላይ ሲያርፍ ግን ቁጥሩ ይንሸራተታል፤ ብልቃጥ ውስጥ በፈሳሹ የተለካውን ቁጥር አትመኑ። ቀለም መቀየሩ ቀላል ነው፤ ጣጣው ማስያዙ ላይ ነው። ጥጥ ውኃ ውስጥ ኔጋቲቭ ቻርጅ አለው፣ ቀለሙም ኔጋቲቭ ነው፤ ይገፋፋሉ። ናይለን አሚን የሚባል፣ ፖዘቲቭ ቻርጅ የሚይዝ ክፍል ስላለው ይይዘዋል። ጥጡን ወይ ቀድሞ ፖዘቲቭ ቻርጅ ማስያዝ ነው፣ ወይ በሶል-ጀል፣ ማለትም ፈሳሹ ረግቶ ሽፋን በሚሆንበት ዘዴ፣ ስስ የሲሊካ (መስታወት መሰል) ሽፋን ውስጥ ቀለሙን ማሰር ነው። ሽፋኑ ከጠበቀ አሲዱ ቶሎ አይደርስበትም፤ ከላላ ቀለሙ ይለቃል። አጥባችሁ ሳታዩ «ሠራሁ» አትበሉ!

የዳንግላው፦ ቡልኮ ላይስ ይሠራል?

ጋሼ፦ ቡልኮ ጥጥ ነው። ከላይ አንብብ።

የማርቆሱ፦ ስለ ቀለሙ ቢያብራሩልን?

ጋሼ፦ የቱ ቀለም? ምኑን?

ነርስ፦ ለቁስል ፋሻ ይሆናል ይባላል።

ጋሼ፦ ሐሳቡ ደህና ነው። ጤነኛ ቆዳ ፒኤቹ 5 አካባቢ ነው፤ አልድን ያለ ቁስል ብዙ ጊዜ ከ7 ያልፋል። ግን ቤት የነከራችሁትን ቁስል ላይ እንዳታደርጉ፤ የሚለቅ ቀለም ሰውነት ውስጥ ይገባል።

የሞጣዋ፦ ቀይ ጥቅል ጎመንስ?

ጋሼ፦ ለማስተማሪያ ግሩም ነው። ኮምጣጤ ያቀላዋል፣ የአመድ ውኃ አረንጓዴ ያደርገዋል። ግን ቶሎ ይበላሻል። አጥባችሁ እዩ ብያለሁ።

ነጋዴው፦ ሜትሩ ስንት ያወጣል?

ጋሼ፦ እኔ ነጋዴ አይደለሁም።

ተማሪ፦ የት ልማር?

ጋሼ፦ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ኢቴክስ የሚባለው የጨርቃጨርቅና ፋሽን ኢንስቲትዩት አለልህ።

የዳንግላው፦ ጥጥ ላይ ይይዛል ግን?

ጋሼ፦ ኧረ በማርያም! ከላይ አንብብ አልኩህ እኮ።

የቢቸናው ሸማኔ፦ ብሮሞታይሞል ብሉ ያስያዝኩትን ጨርቅ በልብስ ሳሙና አጥቤ ሰማያዊ ሆኖ ቀረ፤ ተበላሸ ማለት ነው?

ጋሼ፦ አይደለም፤ ሳሙናው ውስጡ ቀርቶ ነው። በንጹሕ ውኃ ደጋግመህ አለቅልቀውና ኮምጣጤ ጠብ አድርግበት። ያኔም ቢጫ ካልሆነ ተበላሽቷል።